ባለቤቱ ማን ነው?

አንድ ጀልባ ነጂ ነበር። ደቡብ ውስጥ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ላይ ነው የሚሠራው። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አዞዎቹ ስማችንን አነሳ ብለው እንዳይቀየሙኝ።

ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ላይ ኖሯል። ሃያ ሁለት ዓመት! ከእናንተ መሀል ዕድሜው ሃያ ሁለት ያልሞላ አለ። አዎ አንተ፣ እዛ ጥግ ጋ፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማ።

ፎላ ይባላል፣ ጋሽ ፎላ። ውሃው ላይ አረፋ ያይና «አሁን ጉማሬ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ይወጣል» ይላል፤ ጉማሬውም ቀጠሮ ያለው ይመስል እዛው ጋ ብቅ ይላል። አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ሲያይ የጠገበውን ከራበው ይለያል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ግን በአጥሩ አልፏል እንጂ በበሩ ገብቶ አያውቅም።

አንድ ቀን የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራና ሊቀመንበሩ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «ከጥቅምት አንድ ጀምሮ እንግሊዝኛ ያላለፈ ሰው እንግዳ ይዞ አይወጣም። ፈተናው አምስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ሁለት ዕድል አላችሁ። ሁለቴ የወደቀ ጀልባ ያጥባል።»

ጀልባ ያጥባል! ጉማሬ በቀጠሮ የሚመጣለት ሰው፣ ባልዲ ይዞ የሌላ ሰው ጀልባ ሊያጥብ! ይታያችኋል?

ፎላ አንገቱን ደፋ። ሞት አይፈራም፤ ባልዲ ግን ፈራ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኟ ትርሲት የምትባል ከከተማ የመጣች ወጣት አስተማሪ ናት። ሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። ጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ዙሪያዋን ከበቡ፤ የፎላ ጓደኛና ባላንጣ አንጁሎም አለበት። አንጁሎ ቀድሞ አልፏል። እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ፣ አፉ ስለማይዘጋ ነው።

«ጋሽ ፎላ፣» አለች ትርሲት በአክብሮት፣ «ያ አሸዋው ላይ ያለው አዞ ይታይዎታል? ስለሱ አንድ ነገር ይንገሩኝ።»

ፎላ አየው። በሆዱ በአማርኛ «ተኝቷል» አለ። አማርኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ተኝቷል ካልክ አለቀ። አንድ ቃል ነው፣ ማን እንደተኛ እዛው ሆዱ ውስጥ አለ። መጣሁ፣ በላሽ፣ ሄዱ፤ ሁሉም የሠራውን ሰው ውጦ ነው የሚሄደው። ፎላም እሷኑ አንዷን ቃል ወደ እንግሊዝኛ አሻገራትና በኩራት፦

«ኢዝ ስሊፒንግ!» አለ።

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። «ባለቤት የለዎትም እኮ ጋሽ ፎላ።»

ፎላ ደነገጠ። ሰው ፊት! ይቺ ልጅ ስለ አዞ እያወራን ሚስቴን ምን አመጣት?

«ኧረ አለኝ!» አለ ብድግ ብሎ። «ብዙነሽ ትባላለች! አምስት ልጅ ወልዳልኛለች! አንቺ ሳትወለጂ ነው ያገባኋት!»

ሾላው ሥር ሳቅ ፈነዳ። አንጁሎማ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ቲቸር፣ እውነቱን ነው! ባለቤቱንማ አዞውም ይፈራታል!»

ትርሲት ራሷ እየሳቀች እጇን አነሳች። «ጋሽ ፎላ፣ ይቅርታ፣ ስለ ቤትዎ አይደለም። የዓረፍተ ነገር ባለቤት ማለቴ ነው። ሥራውን የሚሠራው። እንግሊዝኛ ላይ ባለቤቱ ወጥቶ ፊት ለፊት መቆም አለበት። ኢዝ ስሊፒንግ ብቻ ካሉኝ ማን ነው የተኛው? አዞው? እኔ? አንጁሎ?»

«ያውልሽ እኮ! አይታይሽም?»

«ዓይኔማ ያየዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አላየውም።»

ፎላ ላቡን ጠረገ። እሺ፣ ባለቤቱን እናውጣው ብሎ በጣቱ ወደ አዞው እየጠቆመ፦ «ዘ ክሮኮዳይል... ቢግ!» አለ።

«ባለቤት መጣ፣ ጎበዝ! አሁን ደግሞ ማሰሪያ የለውም።»

ምን አደረገ መሰላችሁ? ማሰሪያ የለውም ስትለው ፎላ ዘሎ ተነሳና እየሮጠ ወደ ጀልባው! ገመዱን ጎተተ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ከዛው ሆኖ ጮኸ፦ «ታስሯል! ራሴ ነኝ ያሰርኩት! ማን ነው የለውም ያለው?»

ያን ቀን የሳቁት ጀልባ ነጂዎች እስከ ዛሬ ጎናቸውን ያማቸዋል። ማሰሪያ ያለችው ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረውን ግስ ነበር። ለፎላ ግን ማሰሪያ ገመድ ነው፤ ባለቤት ብዙነሽ ናት። አንደኛው ዕድል አለቀ። ወደቀ።

ቤቱ ሲደርስ ብዙነሽ ፊቱን አይታ ሁሉንም አወቀች።

«ምን አሉህ?»

«ባለቤት የለህም አሉኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺን አይቆጥሩሽም።»

ብዙነሽ ወገቧን ያዘች። «እና አሁን ምን አሰብክ?»

«ምን አስባለሁ፤ ያው ስላልተማርኩ...» አለና ዝም አለ።

ጠበቀችው። እሱም ቁጭ ብሏል። ዶሮ መሀላቸው አልፋ ሄደች።

«ስላልተማርክ ምን?» አለች።

«ስላልተማርኩ ነዋ።»

«እኮ ምን? ይሄን ስላልተማርኩ ካገባሁህ ጀምሮ እየሰማሁት ነው። ቤቱ ያልተሠራው ስላልተማርኩ። ስብሰባ ላይ ያልተናገርከው ስላልተማርኩ። ስላልተማርኩ ትልና ትቆማለህ። ጫፉ የት ነው ፎላ? ጫፉን አንድ ቀን እንኳ አምጥተህልኝ አታውቅም!»

ወገኖቼ፣ ይቺ ሴትዮ ሰዋስው አልተማረችም። ግን እንግሊዝኛ አስተማሪ ሁሉ የሚለውን ነው ያለችው። ስላልተማርኩ ብለህ ነጥብ ማድረግ አትችልም። ጆሮ ይጠብቃል። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ሐሳቡ ግን አልሞላም። አየር ላይ የቀረ እግር ነው።

ፎላ ቆቡን አንስቶ ወጣ። በነጋታው ግን እንግዳ ሳይመጣ በፊት ትርሲት ጋ ሄደና ቆቡን አወለቀ።

«ቲቸር፣ ልጄ ትሆኛለሽ። አስተምሪኝ።»

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረን ጋሽ ፎላ።»

«ጉማሬ ልጇን ዋና የምታስተምረው በሁለት ሳምንት ነው» አለ። እውነት ይሁን አይሁን እኔንጃ፤ ጉማሬ ጠይቁ።

በየማለዳው ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። መጀመሪያ ምንም አልገባውም። በአምስተኛው ቀን ገመዱን ከግንዱ እየፈታ ሳለ እጁ ቆመ። ገመዱን አየ፣ ጀልባውን አየ፣ ራሱን አየ።

«ቲቸር!» አለ። «ጀልባ ነው እንዴ!»

«ምኑ?»

«ዓረፍተ ነገሩ! ባለቤት የሌለው ጀልባ ማንም አይነዳው፣ ዳር ላይ ይበሰብሳል። ማሰሪያ የሌለው ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ ካሉት ጀልባ ነው!»

ትርሲት አጨበጨበች። «በቃ፣ ከዚህ ሌላ የለም!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የኛ አማርኛ ማሰሪያው ከኋላ ነው፣ ጫፍ ድረስ ጠብቀህ ነው የምታገኘው። የነሱ ግን ባለቤቱ እጁ ላይ ይዞት ነው የሚመጣው። ለዚህ ነዋ የምቸገረው! እኔ ገመዱን ከኋላ ስፈልግ እሱ ከፊት!»

ከዛ በኋላ ማን ያቁመው? ባለቤት፣ ማሰሪያ! ባለቤት፣ ማሰሪያ! አይ ኢት። ዩ ጎ። ሺ ላፍስ። ብዙነሽ ውሃ ስትቀዳ «ብዙነሽ ካሪስ ዋተር!» ይላታል። «ዝም ብለህ ጀሪካኑን ተቀበለኝ!» ትለዋለች።

ሁለተኛው ፈተና ውሃ ላይ ሆነ። ስምንት እንግዶች ተሳፈሩ። ትርሲት ደብተሯን ይዛ መሀል ተቀመጠች። አንጁሎ ረዳት ሆኖ ከኋላ ገባ፤ ሊረዳ ሳይሆን ሊቆጥር። ሌሎቹ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙነሽም መጥታለች። ማንም አልጠራትም፣ ራሷ ናት የመጣችው።

ፎላ ሞተሩን ቀነሰና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ማይ ኔም ኢዝ ፎላ።»

«አንድ!» አለ አንጁሎ ጣቱን አውጥቶ።

«አይ ኖው ዚስ ሌክ።» ይሄን ሐይቅ አውቀዋለሁ ማለቱ ነው፤ እውነቱንም ነው።

«ሁለት።»

አዞው ያው ቦታው ላይ ነበር፣ ያው አሸዋ ላይ። ፎላ እንደ ድሮ ጠላት አየው። «ዘ ክሮኮዳይል... ኢዝ... ስሊፒንግ!» ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ ነጥብ! ትርሲት ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

«ሦስት» አለ አንጁሎ፣ ድምፁ ቀነሰ።

ከዛ ፎላ ወደ ዳር አየ፣ ብዙነሽ ወደቆመችበት። ደረቱን ነፋ። «ቢኮዝ አይ ዲድ ኖት ጎ ቱ ስኩል...» አለ።

ቆመ። አንጁሎ አፉን ከፈተ። ትርሲት እስክሪብቶዋን ያዘች። ስላልተማርኩ ብሎ እንደ ሃያ ምናምን ዓመቱ እዛው ሊቀር ነው?

«...አይ ለርን ናው!» ስላልተማርኩ፣ አሁን እየተማርኩ ነው! ጫፉ መጣ! ከስንት ዓመት በኋላ ጫፉ መጣ! እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አራት። አንድ ቀረችው። አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ከዛ ባልዲ የለም። አምስተኛዋን ደግሞ አሳምሮ አዘጋጅቷታል፤ ስለ ጉማሬና ስለ ሣር፣ ረጅም፣ ባለቤቷ የተቀባባ። አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ አረፋ አየ።

አንድ ትልቅ አረፋ፣ አጠገቡ አንድ ትንሽ። እናትና ልጅ! ልጅ የያዘች ጉማሬ፣ በግራ በኩል፣ እዛው ሥራቸው! በዛው ሰዓት አንድ ረጅም እንግዳ ካሜራውን ይዞ ብድግ አለ፣ በግራ በኩል። ሌሎቹም እሱን ተከትለው ብድግ። ጀልባው ወደ ግራ ጋደለ። ውሃ ገባ።

ፎላ አፍ ውስጥ ያቺ የተቀባባች ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጠፋች። ባለቤት ጠፋ፣ ሁሉ ነገር ጠፋ። ከሆዱ አንዲት ቃል ብቻ ወጣች፦

«ሲት!»

ወገኖቼ፣ ሐይቁ ራሱ የተቀመጠ መሰለው። ረጅሙ ሰውዬ ዱብ። ስምንቱም ዱብ። ትርሲት ደብተሯ በረረ። አንጁሎ ጀልባው ወለል ላይ የገባው ውሃ ውስጥ ዱብ። ጀልባው ቀና አለ። ያኔ ጉማሬዋ ከረጅሙ ሰውዬ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ብቅ አለች፣ ቤት የሚያህል ጭንቅላቷን ይዛ። አየቻቸው። ፎላ ሞተሩን ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ከእናትና ልጅ መሀል አወጣቸው።

ዳር ደረሱ። ሰው ሁሉ ከበባቸው። መጀመሪያ የተናገረው ማን ይመስላችኋል? አንጁሎ! ሱሪው እየተንጠባጠበ፦

«አራት ነው! ቆጥሬያለሁ! አምስተኛው አንዲት ቃል ናት፤ ባለቤት የላት፣ ምን የላት! ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደለችም!»

የፎላ ዓይን ባልዲው ላይ አረፈ። ደንቡን ያውቀዋላ! በማለዳ ተነስቶ የተማረው እሱ ነው። የስምንት ሰው ነፍስ አትርፎ ፈተናውን ወደቀ።

«ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤት የላትም። ባልዲውን ስጡኝ።»

ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አነሳ። ብዙነሽ ፊቷን አዞረች።

«ጋሽ ፎላ፣ ያስቀምጡት» አለች ትርሲት። ውሃ የበላውን ደብተሯን እየጨመቀች ወደ አንጁሎ ዞረች። «አንጁሎ፣ ሲት ሲሉ ስምህን ጠርተዋል?»

«አልጠራውም።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥክ?»

«እኔን ያለኝ መስሎኝ ነዋ!»

«ይኸውላችሁ ባለቤቱ!» ብላ ጮኸች ትርሲት። «እንግሊዝኛ ባለቤቱን የሚደብቀው ትእዛዝ ላይ ነው። ሲት! ከም! ጎ! ባለቤቱ አይነገርም፣ ግን አለ። ባለቤቱ የሚሰማው ሰው ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ! አንድ ቃል ናት፣ ግን ሙሉ ናት። አምስት! ጋሽ ፎላ አልፈዋል!»

ባልዲው ከእጁ ወደቀ። ጀልባ ነጂዎቹ ተሸከሙት! ሾላውን ሦስት ጊዜ ዞሩት! ረጅሙ ሰውዬም ፎላን ሊሸከም ገብቶ ጉልበቱ ከዳው። ብዙነሽ እልልታዋን ስታስነካው ያ አዞ እንኳ እንቅልፉን ትቶ ውሃ ገባ።

ባልዲውን ማን አነሳው? አንጁሎ። የተቀመጠበትን ውሃ ሊቀዳ።

እሺ፣ ሳቃችሁ? አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ተመቻችታችሁ ተቀምጣችኋል፤ አትመቻቹ።

በሰፈራችን ባለቤት የሌለው ስንት ወሬ አለ? «እንዲህ ይባላል።» ማን አለ? «ሲባል ሰማሁ።» ከማን? ባለቤት የለም! የሰው ስም ጠፍቷል፣ ትዳር ፈርሷል፣ ተናጋሪው የለም። ቤት ውስጥስ? «ብርጭቆው ተሰበረ።» ብርጭቆው ተነስቶ ራሱን ወረወረ? ጸሎት ላይ እንኳ «ጌታ ሆይ፣ አንዳንድ ጥፋቶች ተፈጽመዋል» እንላለን። በማን? በጎረቤት? እሱማ ያውቃል። ግን ወጥተህ ፊት ለፊት እንድትቆም ነው የሚፈልገው። እኔ ሰበርኩት። እኔ ዋሸሁ። እኔ ነኝ። ከዛ በኋላ ነው ምሕረት ማንን እንደምታቅፍ የምታውቀው።

ሌላው ደግሞ ባለቤት ብቻ ነው። እኔ! እኔ እኮ! እኔ ማለት! እሺ፣ አንተ ምን? ምን አደረግክ? ዝም። ማሰሪያ የለም። ወንድሜ፣ ነፋስ ይወስድሃል።

«ሲያልፍልኝ...» ብላችሁ የቆማችሁስ? «ሥራ ባገኝ...» «አባቴ ስለተወኝ...» «ባገባ...» እኔ ራሴ ስንት ዓመት እንዲህ እያልኩ ቆሜያለሁ። ጫፉስ? የብዙነሽን ጥያቄ ነው የምጠይቃችሁ፤ ጫፉ የት ነው? አባትህ ትቶህ ይሆናል፣ አልዋሽህም፣ ያማል። ግን እሱ የዓረፍተ ነገርህ መጀመሪያ ነው እንጂ ነጥቡ አይደለም! ስለተወኝ፣ ልጆቼን አልተውም። ስላልተማርኩ፣ እማራለሁ። በሉት! ጫፉን አምጡት!

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጌታ ሲጠራ ረጅም አያወራም። ና፣ ሂድ፣ ይቅር በል፣ ታረቅ ነው የሚለው። ስም አይጠራም። እኛ ደግሞ ስማችን ስላልተጠራ ምን እናደርጋለን? ቃሉ በተነገረ ቁጥር አጠገባችን ያለውን በክርን ጎሸም! «ሰማህ? ላንተ ነው።» አየሁሽ እኅቴ፣ አሁን ራሱ ጎሸም አደረግሽው! «ይሄ ስብከት ለባለቤቴ ነው» እያልሽ ነው። አይደለም! ባለቤቱ አንቺ ነሽ! ባለቤቱ አንተ ነህ! የሚሰማው ነው ባለቤቱ!

አንጁሎ ወሬኛ ነው፣ ምቀኛ ነው፣ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ልክ ሠራ። ስሙ ሳይጠራ «እኔን ያለኝ መስሎኝ» ብሎ ዱብ አለ። እሱ ዱብ ባይል ጉማሬዋ ስሙን ሳትጠይቅ ትነክሰው ነበር።

እንግዲህ እኔም አሁን አንዲት ቃል እናገራለሁ። ባለቤቷን አልጠራም። ሙሉ ናት፣ ምንም አይጎድላትም፤ ለማን እንደሆነች ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ተነሱ።